በጫካ የሚኖሩ እግረ ረጅም ዝንቦችን ስለመለየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ግንድ ላይ ያረፈ፣ ግዙፍ ትንኝ የሚመስል በራሪ አየሁ። ይናደፋል?

መልስ፦ አይናደፍም። ትንኝ ደም የምትመጥበት ረጅም ቱቦ አላት፤ ይህ ግን የለውም። የሴቷ ሆድ ጫፍ ሹል ሆኖ ቢያስፈራም እንቁላል መጣያዋ ነው።

ጥያቄ፦ እግረ ረጅሞቹ ዝንቦች ከሚመደቡበት፣ ቲፑሊዴ ከሚባለው ቤተሰብ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ በእግሩ ርዝመት ብቻ አይፈረድም። በደረቱ ጀርባ ላይ ሁለት ስርጉድ መስመሮች ወደ ኋላ እየተጠጉ በሹል ማዕዘን ይገናኛሉ፤ ይህ ዋነኛው ምልክት ነው። ይሁንና ተመሳሳይ ስርጉድ ያላቸው፣ ትሪኮሴሪዴ የሚባል ሌላ ቤተሰብ ዝንቦች ስላሉ፣ በአናቱ ላይ ከሁለቱ ትላልቅ ዓይኖች ሌላ ሦስት ጥቃቅን ዓይኖች አለመኖራቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ ቲፑሊዴዎች እነዚህ የሏቸውም።

ጥያቄ፦ የእኔ ጥቁርና ቢጫ ሲሆን አንቴናው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው። በአውሮፓ የሚገኘው ክቴኖፎራ ፔክቲኒኮርኒስ ነው ልበል?

መልስ፦ ወንድ መሆኑን ይናገሩ፤ የሴቷ አንቴና እንዲህ ያለ ጥርስ የለውም። በዝርያው ላይ ግን አይቸኩሉ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከሰየመው ከዚህ ዝርያ ሌላ፣ ታኒፕቴራና ዲክቴኒዲያ የተባሉት ወገኖችም (ወገን ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዝ ምድብ ነው) ወንዶቻቸው ተመሳሳይ አንቴና አላቸው፤ ተርብ የሚያስመስለው ቀለምም በብዙዎቹ ዘንድ አለ፣ ከግለሰብ ግለሰብም ይለያያል። የክንፉን ነጠብጣብ፣ የሆዱን ቀለበቶችና በተለይም የሆዱን ጫፍ ከጎን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። እነዚህ ካልታዩ፣ በእኔ እምነት፣ በወገን ስም ላይ መቆም በግምት ዝርያ ከመጥራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስይዘው እግሩ ተነቅሎ ቀረ። ጎዳሁት?

መልስ፦ እግሮቻቸው በቀላሉ ይረግፋሉ፤ ጠላት ሲይዛቸውም እግራቸውን ጥለው ያመልጣሉ። ስለዚህ ከመያዝ በፊት ፎቶ ማንሳት ይቅደም።

ጥያቄ፦ የት ልፈልገው?

መልስ፦ ማበጠሪያ አንቴና ያላቸው ዝንቦች እጮቻቸው በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ስለሚያድጉ፣ ከወደቁ ወይም ቆመው ከደረቁ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች አጠገብ፣ በአውሮፓ የጸደይ መጨረሻና የበጋ መጀመሪያ ላይ መፈለግ ይበጃል። ግንዱ ላይ ውስጡን የቦረቦረ እርጥብ ብስባሽ ካገኙ ቦታው ተስፋ ይጣልበታል፤ ቅርፊቱን ግን አይገንጥሉ፣ እጩ ያለው ከውስጥ ነውና። ከዚህ በተቃራኒ፣ ክንፎቹ ላይ ቡናማ ዝንጉርጉር ያለበት ትልቁ ቲፑላ ማክሲማ የሚገኘው በጫካ ምንጮች ዳር ነው፤ እጩም የሚያድገው በረጠበ አፈርና ቅጠል ውስጥ ነው። ጫካውን «ለማጽዳት» ደረቁን ግንድ የሚያነሱ ሰዎች፣ ሳያውቁት፣ ማበጠሪያ አንቴና ያላቸውን ዝንቦች መኖሪያ አብረው ያነሳሉ።