ከባሕር ዳር ሙቀት ወደ ደጋ፦ እንጅባራ ወይስ ደብረ ታቦር?

እህቴ፣ «የባሕር ዳር ሙቀት ለእናቴ ከበዳት፤ ብዙ ሳንርቅ ቀዝቃዛ ቦታ የት እንከራይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ከርቀቱ በፊት ከፍታውን ተመልከቺ። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ጎንደርን የሚጠቁምሽ አይጠፋም፤ እሷም 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በሚያዝያ ፀሐይ እናትሽን እምብዛም አታሳርፋቸውም።

እኔ የምመርጥላችሁ እንጅባራን ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የአዲስ አበባው አስፋልት ስለሚያልፍባት ለጥየቃ መመላለስም ይቀላል። ዘንገና ሐይቅም ቅርብ ነው። ወባም በዚያ ከፍታ የጣና ዳርን ያህል አያሰጋም፤ ለእኔ ይህ ከነፋሻው አየር አይተናነስም። ዝናቡ ግን የዋዛ አይደለም! ሐምሌ ላይ ያጠብኩት ጋቢ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ጥለቱን ስዳስሰው አሁንም እርጥብ ነበር።

ደብረ ታቦር ከዚያም ትበልጣለች፤ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የታኅሣሥ ሌሊቷ ለአረጋዊ ይከብዳል። እናትሽ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው የትኛውንም ከፍታ ከመምረጣችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ።

ቤት ለመግዛት አትቸኩሉ፤ አንድ ክረምት ተከራይታችሁ እዩት። ስትከራዩም የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን፣ ወለሉ ጣውላ የሆነውን ክፍል ለእሳቸው ያዙላቸው።