ስብሰባ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ስለ ከተማችን የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ? ባለፈው "ከተማችሁ ውስጥ መጀመሪያ ምን ቢስተካከል ትላላችሁ፣ ጠይቋችሁ የሚያውቅ አካልስ አለ ወይ?" ብያችሁ ነበር፣ ከጎጃም ከየከተማው ብዙ ጻፋችሁልኝ። ሁሉንም ማንሳት አልችልም ግን የብዙ ሰው ጥያቄ የሆኑትን መርጬ እነሆ።

ደብረ ማርቆስ፣ ጡረተኛ አባት፦ "ቀበሌ በየአመቱ ይጠራንና ቅድሚያ የምትሰጡት ችግር ምንድነው ይለናል። ውሃ፣ መንገድ፣ መብራት እንላለን። በአመቱ ያንኑ ይጠይቀናል። ጉልበቴንም ያመኛል፣ ልሂድ ወይስ ልተወው?"

አያ፣ ጉልበትዎ ከፈቀደ ይሂዱ። መሰልቸትዎ ግን እውነት አለው፣ ሰው እኮ ስብሰባ የሰለቸው ሀሳብ አጥቶ አደለም፣ የተናገረው የት እንደደረሰ ሚነግረው አጥቶ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ችግር ሊዘረዝሩ ሳይሆን ሊጠይቁ ይሂዱ። መጀመሪያ "ለዚህ ስራ ስንት ብር ተይዟል?" ይበሉ፣ ብሩ ሳይነገር ቅድሚያ ስጡ ማለት ምንም ማለት አደለም፣ ሰው መምረጥ ሚጀምረው ያለውን ልክ ሲያውቅ ነው፣ ካላወቀ ሁሉንም ይላል፣ ሁሉንም ካለ ደግሞ ቢሮ ያለው ሰው የፈለገውን መርጦ "ህዝቡ ያለው ነው" ይላል። ቀጥለው "ከወዲሁ የተወሰነ ነገር አለ ወይ?" ከዛ "ውጤቱን መቼ፣ የት ትለጥፉልናላችሁ?" መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር ብለው ይጠይቁ፣ እስኪጻፍም ይጠብቁ።

ስብሰባው ሚጠራበትን ወርም ልብ ይበሉ። የመንግስት በጀት አመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጠርተው ቅድሚያ ምረጡ ካሉ ያለቀ ነገር ሊያሳውቁ ነው ብሎ መጠርጠር ነው፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ከሆነ ግን ገና ሚቀየር ነገር አለ። ደግሞ ይሄ ሁሉ ልመና አደለም አያ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 43 ንኡስ አንቀጽ 2 ላይ ዜጎች የሚኖሩበትን ማህበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሀሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል።

ፍኖተ ሰላም፣ የቀበሌ ኮሚቴ አባል የሆነች እህት፦ "ሴቶች ይመጣሉ ግን አይናገሩም፣ ሁለት ሶስት ወንዶች ተናግረው ያልቃል። ምን ላድርግ?"

እህቴ ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ነው። ከተማው ውስጥ ጀሪካን ይዞ ወረፋ ሚጠብቀው ማነው? ሌሊት ተነስቶ ውሃ መጣች ወይ ብሎ ቧንቧ ሚከፍተው ማነው? እሷ ያልተናገረችበት የቅድሚያ ሊስት ገና ሲጀመር ጎደሎ ነው። መጀመሪያ ሰአቱን ቀይሪው፣ ምሳ ሚሰራበት ሰአት ላይ ጠርቶ ሴቶች አልመጡም ማለት አይቻልም። ከተቻለ እናንተ ወደነሱ ሂዱ፣ እድር ላይ፣ የማርያም ወይ የሚካኤል ማህበር ላይ፣ ሙስሊም እህቶቻችንም ራሳቸው ሚመቻቸውን ቀንና ቦታ ይምረጡ። ወንዶቹን ለብቻ ሴቶቹን ለብቻ አወያዩና መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ሊስት ጎን ለጎን አንብቡ፣ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል፣ ወንዱ አስፋልት ባለበት ሴቷ ቦኖው አጠገብ አንድ መብራት ልትል ትችላለች፣ በማታ ውሃ ቀድቶ መመለስ ምን እንደሆነ ምታውቀው እሷ ናታ።

አፍ አውጥቶ መናገር ለከበዳቸው ደግሞ ባቄላ አለ። ሳህኖች ደርድሪ፣ በያንዳንዱ ላይ ስእል አድርጊበት፣ ቦኖ፣ የመብራት ፖል፣ ጤና ጣቢያ፣ የጎርፍ ቦይ። ለያንዳንዷ አምስት አምስት ባቄላ ስጪ፣ እንደፈለገች ታከፋፍል፣ ብትፈልግ አምስቱንም አንዱ ላይ። ማንበብ መጻፍ አይጠይቅም፣ የማንንም ፊት አያስፈራም፣ ሰው እያየ ሳይሆን መጋረጃ ነገር ጋርዳችሁ ይሁን ብቻ። ቆጠራውን ግን ሁሉም ባለበት፣ ጮክ ብሎ።

ቡሬ፣ ተከራይ፦ "ለስራ ብዬ መጥቼ ቤት ተከራይቼ ነው ምኖረው። ስብሰባ ሚጠሩት ባለቤቶችን ብቻ ነው፣ እኔ ነዋሪ አደለሁም?"

ነህ እንጂ! ጭቃውን ምትረግጠው አንተ፣ ባጃጅ ምትጠብቀው አንተ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ ለስራ የመጣ ተከራይ ካልተጠየቀ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትራንስፖርት ማን ይናገራል? ጥሪው በቤት ቁጥር ሳይሆን በር ለበር በየግቢው ይሁን በሉ፣ ግቢ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠየቅ።

ሞጣ፣ ወጣት፦ "ጉግል ፎርም ሰርተን በቴሌግራም ብንበትነው አይቀልም? ደሞስ ህዝብ መጠየቅ የትም አገር ሰርቶ ያውቃል?"

ይቀላል፣ አድርጉት፣ ግን እሱን ብቻ ይዛችሁ "ህዝቡ እንዲህ አለ" እንዳትሉ። ስማርት ስልክ የሌላት እናትህ የለችበትም፣ ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ማንም የለበትም። ፎርሙን አትማችሁ ገበያ ቀን ይዛችሁ ውጡ፣ ያልጻፈውን እናንተ ጻፉለት። ሰርቶ ያውቃል ወይ ላልከው፣ የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ በ1989 እንደ ፈረንጆቹ ነዋሪው በየሰፈሩ ተሰብስቦ ለግንባታ ከሚውለው በጀት ላይ ቅድሚያ እንዲመርጥ ጀመረች፣ ውሃና ፍሳሽ ያልደረሳቸው ድሃ ሰፈሮች ወረፋ ያገኙት በዛ ነው። እዛ ሰው ይመጣ የነበረው በጀቱ ይታይ ስለነበረ ነው።

ደምበጫ፦ "ሰፈራችን በሙሉ መብራት መቆራረጥ ብሎ መረጠ፣ ማዘጋጃ ቤቱ 'የኛ ስልጣን አደለም' አለን። ታዲያ ለምን ጠየቁን?"

ቅሬታችሁ ልክ ነው። መብራት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስራ ነው፣ ከተማችሁን አቋርጦ ሚያልፈው የአዲስ አበባ ባህር ዳር አስፋልትም የፌደራል ነው፣ የውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ቆሻሻ፣ ገበያ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ይሄን ከውይይቱ በፊት መናገር የጠሪው ግዴታ ነበር። አሁንም ያለቀ ነገር የለም፣ ማዘጋጃ ቤቱ ድምጻችሁን ከነፊርማው ይዞ በከተማው ስም ለሚመለከተው መስሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፣ የደብዳቤውን ቁጥር ተቀበሉ።

ቢቸና፦ "ለኮብልስቶን በነፍስ ወከፍ አዋጡ ተባለ፣ እጅ ወጥቶ ጸደቀ። አቅም የሌላቸው ጎረቤቶች አሉን።"

እጅ መውጣቱ ብቻ ፍትህ አያደርገውም። በእድራችሁ በኩል አቅም የሌለው ማን እንደሆነ ሳታሸማቅቁ ለዩ፣ ነጻ ይሁን ወይ በጉልበት ይሳተፍ። የከፈለ ሁሉ ደግሞ ህጋዊ ደረሰኝ ይቀበል።

ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገች የከተማ አስተዳደር ሰራተኛ፦ "ህዝቡ የመረጠው ቀርቶ ሌላ ፕሮጀክት ገባ። ተመልሰን ብንናገር ይቆጣሉ ብለን ዝም አልን።"

መቆጣታቸው አይቀርም፣ ዝምታው ግን ይብሳል፣ በሚቀጥለው አመት ባዶ አዳራሽ ነው ምታገኙት። አንድ ወረቀት በቂ ነው፦ ህዝቡ የመረጠው በቅደም ተከተል፣ የገባው፣ ያልገባውና ለምን እንዳልገባ፣ እያንዳንዱ ስንት ብር እንደሚፈጅ። ቀበሌ በር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጠገብ፣ መናኸሪያ ላይ ይለጠፍ። የሶስት አመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላናችሁንም፣ ማለት የትኛው ግንባታ መቼ እንደሚሰራ ሚያሳየውን እቅድ፣ አውጡት፣ መሳቢያ ውስጥ ሚቀመጥ ሰነድ አደለም። ነዋሪዎችም ይሄን እወቁ፣ የመረጃ ነጻነትን የያዘው አዋጅ 590/2000 ማንም ሰው ከመንግስት መስሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ ጥያቄውን በጽሁፍ ለህዝብ ግንኙነቱ አስገቡና ኮፒው ላይ ቀንና ማህተም አስደርጉ።