ሞደም ከመግዛትሽ በፊት ስልኩን አንስተሽ አዳምጪ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ፣ ከሮቢት ነው። እህታችን የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። «ጋሼ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ኢንተርኔቱ አስቸገረኝ። ዝናብ ሲጥል ይቆራረጣል። የመስመር ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ሞደሙ ላይ ያለችው የዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት) መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ሞደሙ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዢ ይሉኛል። ልግዛ?» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ፣ ገና አትግዢ። የተበላሸ ሞደም ስልክ ጠራ አልጠራ፣ ዘነበ አልዘነበ ይቋረጣል። ያንቺ ግን ጥሪና ዝናብ እየጠበቀ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽቦውን ነው።

ሞደሙን ከኤሌክትሪክ ንቀዪና ስልኩን አንሺ። አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኚ። ቱ... የሚለው ድምፅ ይቆማል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ደህና አድርገሽ አዳምጪ። የሚንጣጣ ወይም የሚንሿሿ ነገር ከሰማሽ መስመሩ ታሟል። ዝናብ እየጣለ ብታዳምጪ ደግሞ ይበልጥ ይለያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ድምፅ በስልክ ሽቦ ላይ የሚሄደው ከ4 ኪሎኸርዝ (የሞገድ ድግግሞሽ መለኪያ ነው) በታች ነው። ኢንተርኔቱ በዚያው ሽቦ፣ ከ25 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጀምሮ እስከ 1 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ይጓዛል። መቀጠያው ላይ ውሃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወሬው ሊሰማ ይችላል፤ ኢንተርኔቱ ግን ይወድቃል። ስልኩ ሲጠራ ደግሞ በ48 ቮልት ገደማ የተቀመጠው መስመር ላይ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጨመራል። የላላ መቀጠያ ያን ጊዜ ይረበሻል። በዳያል አፕ ዘመንም፣ ማለት በስልክ እየደወልን ኢንተርኔት በምንገባበት ጊዜ፣ እንዲሁ ነበር። ሞደሙ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነበር የሚያወጣው፣ መስመሩ ከተንጣጣ ግን ግማሹም አይገኝም። ደግነቱ ያኔ ሞደሙ ሲገናኝ ስለሚጮህ በጆሯችን እንለየው ነበር። አሁን ዝም ስለሚል ሰው ቶሎ ሞደሙን ይወቅሳል።

ቀጥሎ ስፕሊተሯን እዪ፤ ስልኩንና ሞደሙን የምትለየዋን ትንሿን ሳጥን። ከግድግዳው የመጣው ሽቦ «ላይን» በሚለው፣ ስልኩ «ፎን» በሚለው፣ ሞደሙ በሦስተኛው መግባት አለበት። ብዙ ቤት ተገላብጦ ነው የማገኘው። ጓዳ ውስጥ ሌላ ስልክ ወይም ፋክስ ካለሽ፣ እሱም ያለ ፊልተር (የኢንተርኔቱን ሞገድ ከስልኩ የምትለይ ትንሽ ማጣሪያ) መሰካት የለበትም። አንዷ የተረሳች ስልክ ሁሉን ታበላሻለች።

ከዚያ አንድ ሌሊት ሙከራ አድርጊ። ስልኩን፣ ስፕሊተሩን፣ ማራዘሚያውን ሁሉ ንቀዪ። ሞደሙን ብቻ በአጭር ሽቦ ከውጭ መስመር መጀመሪያ በሚገባበት ሶኬት ላይ ሰኪው። ዝናብ እየጣለም እስኪነጋ ካልተቋረጠ ችግሩ ቤትሽ ውስጥ ነው። የነቀልሽውን አንድ በአንድ መልሺ፣ ጥፋተኛው ይወጣል። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሱቅ ሁለት ሞደም ቀይሮ ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ኮርኒስ ውስጥ፣ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር በተጠቀለለ ሽቦ ላይ ነው። ሞደሙን ራቅ አድርገሽ ማስቀመጥ ከፈለግሽ የስልኩን ሽቦ አታስረዝሚ። የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ኬብል አስረዝሚ፣ እሱ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል።

በዚያ ሌሊትም ከተቋረጠ ችግሩ ከቤትሽ ውጭ ባለው መስመር ላይ ሳይሆን አይቀርም። በኮምፒውተሩ የሞደሙን ገጽ ክፈቺና «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚለውን፣ የኢንተርኔቱ ሲግናል ከሽቦው ጫጫታ በላይ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው የሚያሳየውን ቁጥር ጻፊ፣ አንዴ በደረቅ ቀን፣ አንዴ በዝናብ። ከ10 ዲሲቤል በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ6 በታች ከወረደ መቆራረጡ አይቀርም። ለቴሌ ስታመለክቺ «ኢንተርኔት ዘገየብኝ» ብቻ አትበዪ። «ስልኩ ራሱ ይንጣጣል፣ ዝናብ ሲሆን ይብሳል» በያቸው። ያኔ መስመር የሚፈትሽ ሰው እንዲላክልሽ ጠይቂ። ሲመጣ ምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥንና መቀጠያውን እንዲያይልሽ ንገሪው። ምሰሶ ላይ አንቺ እንዳትወጪ፣ በእርጥብ እጅም ሽቦውን አትንኪ።

አንድ ነገር አደራ። ጦሳ ተራራ ላይ ነጎድጓድ ማጉረምረም ሲጀምር ሞደሙን ከኤሌክትሪኩም ከስልክ ሶኬቱም ንቀዪው። መብረቅ በስልክ ሽቦም ይገባል። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አያድነውም።