የእናትሽ ክንድ ለምን ይበልዛል? መጀመሪያ የመድኃኒቱን ፌስታል ክፈቺ

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አብረውሽ የሚኖሩት የ68 ዓመት እናትሽ፣ ምንም ሳይመታቸው ክንዳቸውና የእጃቸው ጀርባ ይበልዛል። ለልባቸው በየቀኑ አስፒሪን ይወስዳሉ፤ ለጉልበታቸው ደግሞ ከፋርማሲ ማስታገሻ ይገዛሉ። ጎረቤት «ደም አንሷቸው ነው» አለ፤ አንቺም ወጌሻ ጋ ልውሰዳቸው ወይስ ሐኪም ጋ ብለሻል።

ወጌሻው ይቅር። የበለዘ ቦታ ሲታሽ ሊደፈን የጀመረው ቀጭን ደም ስር እንደገና ይከፈትና ደሙ ይሰፋል። ዋግምትም ይቅር፤ እሱ ራሱ ቆዳን እየሳበ የሚያበልዝ ነገር ነው።

ደም ማነስ የሚባለውም ብቻውን አያበልዝም። ደም ማነስ ማለት የቀይ ደም ሕዋስ ወይም በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን መጉደል ነው፤ መድማትን የሚያቆሙት ግን ፕሌትሌት የሚባሉት ትናንሽ የደም ሕዋሳትና ጉበት የሚሠራቸው ደም አርጊ ፕሮቲኖች ናቸው። ስለዚህ የብረት ክኒን ገዝቶ መስጠት ለብልዙ ምንም አያደርግለትም።

በዕድሜ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፤ ደም ስሩን አቅፎ የሚይዘው ኮላጅንም ይላላል። ዓመታት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ክንድ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለ ቆዳ የብረት በሩ እጀታ ዳሰስ ቢያደርገው እንኳ ይበልዛል፤ እናትሽ «አልተመታሁም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። እስቲ ክንዳቸውን ወደ ብርሃን አምጥተሽ ቀረብ ብለሽ እዪው። በአንድ ወገን አንድ ክብ ምልክት፣ በሌላው ወገን ተከታትለው የተደረደሩ ሦስት አራት ትናንሽ ምልክቶች ካሉ፣ ያ የሰው እጅ ነው፤ አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች። ከወንበር ሲነሱ ወይም ደረጃ ሲወጡ ክንዳቸውን ጨብጦ የሚስባቸው ሰው አለ ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ከክርናቸው ሥር ደግፏቸው እንጂ አትጨብጧቸው።

አሁን ወደ ፌስታሉ። ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ቅባቱንም ጭምር፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፊው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። አስፒሪን ያገኘውን ፕሌትሌት ዕድሜ ልኩን ሥራ ያስፈታዋል፤ የፕሌትሌት ዕድሜ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በዚያ ላይ እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሲጨመር መበለዙ ይብሳል፣ ጨጓራም ሊደማ ይችላል፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ አስፒሪኑ ለልብ የሚሰጠውን ጥቅም ሊያስቀር ይችላል። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይሻላል፦ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በመካከሉ ቢያንስ 6 ሰዓት እየቆየ፤ ለእሳቸው ዕድሜ በቀን ከ6 ፍሬ ባያልፍ ጥሩ ነው። የጉበት ችግር ካለባቸው ወይም በጣም ከከሱ መጠኑን ሐኪም ይወስን። አስፒሪኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ለልብ የታዘዘ ከሆነ ማቆሙ ከብልዙ እጅግ የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉት የስቴሮይድ ክኒኖች ናቸው። ለጉልበት፣ ለአስም፣ አንዳንዴም «ምግብ ይከፍታል» ተብሎ ያለ ማዘዣ ይወሰዳል። ለወራት ሲወሰድ ቆዳን እንደ ወረቀት ያሳሳል። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያለባቸው፣ ለማድያት ወይም ፊት ለማቅላት የሚቀቡ ክሬሞችም የተቀቡበትን ቆዳ እንዲሁ ያሳሱታል። ክኒኑ ለሳምንታት ከተወሰደ በድንገት አይቆምም፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ ጎመን መብላቱን አይተው፤ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ይብላ። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው አንድ ሰሞን ጠግቦ በልቶ ሌላ ሰሞን ሲተው ነው የመድኃኒቱ ሚዛን የሚናጋው።

አስጊውን ከማያሰጋው ለመለየት ቦታውን ተመልከቺ። በእኛ ቆዳ ላይ ብልዝ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ቀለሙ ያሳስታል፤ እብጠቱንና ሲነካ ማመሙን በእጅሽ ዳስሺ። ክንድና የእጅ ጀርባ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜም የሚጠፋ ከሆነ (ቡናማ ጥላ ሊተው ይችላል) ብዙ አያስጨንቅም። ጀርባ፣ ሆድ ወይም ደረት ላይ ያለ ምክንያት ከወጣ ግን ሐኪም ይየው። ድድ መድማት፣ ነስር 15 ደቂቃ ተጭነውት አለመቆም፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር፣ ሽንት መቅላት፣ ክብደት መቀነስ ካለ ቀን አይሰጠውም። ቁርጭምጭሚት አካባቢ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ነጠብጣቦች ካየሽ የመስታወት ብርጭቆ ጫን አድርጊባቸው፤ ካልጠፉ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። ከትኩሳት ጋር ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል። ሰሞኑን ቆላ ሄደው ከነበረ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ወባም ፕሌትሌት ያወርዳል።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ፌስታሉን እንዳለ ይዘሽ ሂጂ። የሚጠየቀው የመጀመሪያ ምርመራ ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሕዋሳት ቆጠራ ነው፤ ፕሌትሌት በተለምዶ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይሆናል። ዝቅ ካለ ከመደንገጣችሁ በፊት ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ፕሌትሌቶች ቱቦው ውስጥ ሲጣበቁ ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። ከዚያ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩት ፒቲና ኤፒቲቲ፣ እንዲሁም የጉበት ምርመራ ይከተላል። እዚያ የማይሠራ ከሆነ ሪፈር አጽፉና ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለእናንተ ቅርብ ነው።

አዲስ ሲበልዝ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዢበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በየ3 ሰዓቱ ድገሚው። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጊ። መብራት ከሌለ በጠዋት የቧንቧ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይበቃል። ክንዳቸውን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉ። የብልዙን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሪው፤ በማግስቱ መስመሩን አልፎ እየሰፋ ከሆነ ይታይ። ከ48 ሰዓት በኋላ ለብ ያለ ፎጣ 10 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ።

ለመከላከል፦ ታጥበው ቆዳቸው ሳይደርቅ ቫዝሊን፣ ጠዋትና ማታ። ጣቱ የተቆረጠ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ክንዳቸው ላይ እንደ እጅጌ ይግባ፤ ጫፉ አይጥበቅ። የጠረጴዛውን ማዕዘን በስፖንጅ ሸፍኑት፤ መብራት ሲጠፋ እንዳይደናበሩ የእጅ ባትሪ ትራሳቸው ሥር ይደር። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ደረጃ ለደረጃ እሳቸው አይሸከሙ። ቆዳው ከተላጠ በንጹሕ ውሃ አጥበሽ፣ የተላጠውን በእርጥብ ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) ቀስ አድርገሽ ወደ ቦታው መልሺው፤ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ አልብሰሽ በፋሻ ጠምጥሚው። ፕላስተር ቆዳው ላይ አይለጠፍ፤ ሲነሳ ሌላ ቆዳ ይዞ ይነሳል።

አንድ ነገር በተለይ አደራ፦ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ፣ ምንም ባያማቸውም በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ የሚፈሰው ደም ምልክቱን ዘግይቶ ሊያሳይ ይችላል። ሲቢሲው ሲወጣ የፕሌትሌቱን ቁጥርና ፌስታሉ ውስጥ ያገኘሻቸውን መድኃኒቶች ስም እዚህ ጻፊልን፤ አብረን እናየዋለን።