አንዷን ጥይት በየጠዋቱ ማጉረስ

ጥያቄው ከአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። «ማታ ከሥራ ስወጣ ሽጉጤን አራግፋለሁ። ጠዋት ያችኑ ጥይት መልሼ አጎርሳለሁ። ትናንት ከሌሎቹ አጠገብ ሳቆማት አጥራ አገኘኋት። ጫፏ ላይ ያለው አረር ባሩዱን ወደያዘው ቀለህ ገባ ብሏል። 9 ሚሊሜትር ናት። ብተኩሳት ችግር አለው?»

አለው ወንድሜ። አትተኩሳት።

ለምን አጠረች? ሽጉጥ ስታቀባብል የላይኛው ብረት በሞላ ተስፈንጥሮ ይመጣና ጥይቷን ከካዝናው ገፍቶ ያስወጣታል። አረሩ መጀመሪያ በአፍንጫው ከብረት መወጣጫው ጋር ይላተማል። ከዚያ ነው ሽቅብ ተንሸራቶ የሚጎርሰው። አረሩን ይዞ ያቆመው ደግሞ በአብዛኛው የቀለሁ አፍ ጥብቀት ነው። አንድ ጊዜ ቢላተም ምንም አይል ይሆናል። በየጠዋቱ ሲሆን ግን ትንሽ በትንሽ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጥይቷን ብርሃን ላይ ይዘህ አዙራት። አፍንጫዋ ላይ ጠፍጠፍ ያለ ጠባሳ፣ ቂጧ ጠርዝ ላይ ደግሞ የመንቀያው ጥፍር (ቀለሁን ይዞ ከጎረሰበት የሚያወጣው ብረት) የቧጨረው ታያለህ። ብዙ ጠዋት የጎረሰች ጥይት በዚህ ታስታውቃለች።

አደጋው ያለው ቀለሁ ውስጥ ነው። ባሩዱ ያው ነው፣ ቦታው ግን ጠበበ። ባሩድ ግፊት ሲበዛበት ይበልጥ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። የተለመደው የ9 ሚሊሜትር ጥይት፣ 9 በ19 የሚባለው፣ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 2,350 ባር ነው። የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ገደማ ስለሚይዝ፣ ወደ ሺህ እጥፍ ነው ማለት ነው። ከዚህ በብዙ ካለፈ ቀለሁ ቂጡ አካባቢ፣ ብረት በደንብ ባልደገፈው በኩል ሊቀደድ ይችላል። ጋዙ ቁልቁል ወደ ካዝናው ይወርዳል፤ እጅህም ያለው እዚያው ነው። 40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩሱ ሰዎች ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። የዚያ ቀለህ ከአረሩ ክብደት አንጻር ጠባብ ነው። (በሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ በሚገባበት ሽጉጥ፣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የተኩሱ ርግጫ አረሩን ወደ ፊት ነው የሚጎትተው።)

ልኬቱን በካሊፐር (ርዝመትን በረቂቁ የሚለካ መሣሪያ) ውሰድ። የ9 በ19 ጥይት ከፍተኛ ርዝመት 29.69 ሚሊሜትር ነው። ግን ይህ ጣሪያው ነው፤ ብዙ የፋብሪካ ጥይት ከዚህ ያጥራል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር አታወዳድር። ከዚያው ሳጥን ካልጎረሰች አዲስ ጥይት ጋር አስተያያት። ካሊፐር ከሌለህ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ዝቅ ብለህ እይ። ልዩነቱ በዓይን ከታየ ለእኔ አለቀ፣ ሌላ ልኬት አያስፈልገኝም።

ከዛሬ ጀምሮ ምን ታደርጋለህ? ዋናው መፍትሔ የማቀባበሉን ብዛት መቀነስ ነው። መመሪያችሁ በየቀኑ አራግፍ የሚል ከሆነ የጎረሰችዋን በማርከር ምልክት አድርግባት። ሁለት ጊዜ ከጎረሰች ለይተህ አስቀምጣት። ርዝመቷ ካልተለወጠ ለልምምድ ትሆናለች። አንዳንዱ የላይኛዋን ከካዝናው ሥር እያደረገ ያዟዙራል። ከምንም ይሻላል፤ ግን ሳትለካ ከቆየህ አንድ ቀን ካዝናው ሙሉ ያረጀ ጥይት ይሆናል።

ይህን ፈርተው ጥይቷን በእጃቸው አጉርሰው ብረቱን የሚለቁም አሉ። ተው። ብዙ ሽጉጥ ላይ የመንቀያው ጥፍር የተሠራው ጥይቷ ከካዝናው ስትወጣ ከሥሩ ገብታ እንድትያዝ ነው። ጠርዟን በግድ ሲዘል ውሎ አድሮ ሊሰበር ይችላል።

ስታራግፍ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይሁን፣ ጣትህ ከቃታው ይራቅ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፣ ከዚያ ብረቱን ሳብ። የምትወጣዋን ጥይት በመዳፍህ ለመቅለብ መውጫውን አትሸፍን። በመዳፍህ የታፈነች ጥይት ተጣማ ብረት ቂጧን ሊመታት ይችላል፤ እዚያው እጅህ ውስጥ ትፈነዳለች። መሬት ትውደቅ፣ ጎንበስ ብለህ ታነሳታለህ።

ያጠረችዋን በፒንሳ ጎትተህ አታስተካክላት፤ አንዴ የላላ አፍ መልሶ አይጠብቅም። ቆሻሻ ውስጥም አትጣላት። «አይተኮስም» ብለህ ጽፈህ ለብቻዋ አድርጋትና ጥይት ላስረከበህ ክፍል መልሳት።