መልስ፦ ጸበል ስጀምር የድባቴ መድኃኒቴን ላቁም?

አታቁሚው። የድባቴ ኪኒንሽን ፍሎክሰቲንን ጀምረሽ በ10 ቀን ለውጥ አላየሽም ማለት አልሠራም ማለት አይደለም፤ ስሜት እስኪቀና ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ማቅለሽለሹ ነው ቀድሞ የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይለቃል።

ጸበል ሂጂ ያለችሽን እናትሽንም አታስቀይሚ፤ ጸበሉን ሂጂ። ተጠምቀሽ ስትመለሺ እህል ቀምሰሽ ኪኒኑን ዋጪ። ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ብቻ ሰዓቱን አትለዋውጪ።

እኔን ያየሽ ተቀጪ፤ በሦስተኛው ወር «ድኛለሁ» ብዬ በራሴ አቋረጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ድባቴው ተመለሰብኝ፤ የዘፈዘፍኩት ልብስ ሳፋው ውስጥ ሳምንት አድሮ ሸተተ፤ ለማጠብ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከተሻለሽ በኋላም መድኃኒቱ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፤ መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሶ የሚያስቆምሽ ሐኪምሽ ነው።

የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሰው አስከትለሽ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።