ድመት ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ ዘቢቡን አርቁ

ሰላም ወገኖቼ። 22 ዓመት አሜሪካ ኖሬ አሁን ደሴ ተመልሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት የጦሳን ተራራ እያየሁ ቡናዬን እጠጣለሁ። ልጆቻችሁ አልቅሰው ድመት ያስመጧችኋል፣ ከዛ "ፍራፍሬ ብሰጣት ምን ይላል?" እያላችሁ ትደውሉልኛላችሁ። ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈው።

1. ወረቀት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳዋ ስር የሚገባ መለያ) አስገቡላት፣ የቤት ኪራይ ውላችሁ ድመት ይፈቅድ እንደሆነ አንብቡ። በቃ።

2. ድመት ስጋ በል ናት። ጣፋጭ የሚባል ነገር ምላሷ አያውቀውም፣ የጣፋጭ መቅመሻው ጂኗ አይሰራም። ስለዚህ "ሐብሐብ ስቆርጥ እግሬ ስር ትመጣለች" የምትሉኝ ሽታውን ወይ እርጥበቱን ፈልጋ ነው። ታውሪን የሚባለውን ነገር ከስጋ ነው የምታገኘው፣ እሱ ከጎደለባት አይኗም ልቧም ይታመማል። ፍራፍሬ ለሷ ቅምሻ ነው፣ ምግብ አይደለም።

3. ማቅመስ ካማራችሁ ሐብሐብ ፍሬው ወጥቶ፣ ሙዝ፣ ፖም ተልጦ ፍሬው ተጥሎ፣ እንጆሪ፣ ብሉቤሪ ይሆናል። ጥፍር የምታክል ቁራጭ፣ አንድ ሁለት፣ እሱም አልፎ አልፎ። ቅምሻ ሁሉ ተደምሮ ከቀን ካሎሪዋ ከ10 ፐርሰንት አይለፍ ይላሉ የእንስሳት ሐኪሞች። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ነው የምትፈልገው፣ አንድ ሙዝ ብቻውን 100 ነው፣ አስሉት። ስኳር ያለባት ከሆነ ደግሞ ሐኪሟን ሳትጠይቁ ምንም እንዳትሰጡ።

የማይሰጠው፦ ወይንና ዘቢብ በፍጹም። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ መንደሪን፣ በተለይ ልጣጩ፣ ዘይቱ ይጎዳታል። የኮክና የቼሪ የውስጥ ፍሬ ሲታኘክ ሳያናይድ ያወጣል። አቮካዶም ይቅር። አዎ፣ መርሳ ከተማ ላይ መኪና ሲቆም ብርቱካኑ በመስኮት ነበር የሚገባልን፣ ግን የበላነው እኛ ነን፣ ድመቷ አይደለችም።

4. ዘቢቡ ላይ ልመለስ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

እናቴ ከደሴ እኛ ጋ የመጣች ዓመት ረመዳን ነበር፣ እኔ ሁለት ስራ ነው የምሰራው፣ ቤት አልገኝም። ዘቢብ ያለበት ዳቦ ጋገረችና የተረፈውን በወተት አርሳ ለድመታችን ለውሮ በሳህን አቀረበችላት። እናቴ እንደዛ ናት፣ ያላበላችውን ነገር የወደደችው አይመስላትም። ልጄ ያኔ 9 ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት ሰምታለች፣ ሳህኑን ስታይ "ኖ! ሬዝን! ሬዝን!" ብላ ጮኸች። እናቴ እንግሊዝኛ አትችል፣ ልጄ ዘቢብ የሚለውን ቃል አታውቅ። እናቴ ልጅቷ ዳቦው ያማራት መስሏት ትልቁን ቆርሳ "ነይ የኔ ዓለም፣ አብሽሪ፣ ላንቺም አለ" ብላ እጇ ላይ አስያዘቻት። ውሮ ሳህኑን ልሳ ጨረሰችው።

ማታ ስገባ ምንጣፉ ላይ አስመልሳ አልጋ ስር ገብታለች። ወተት መርዝ ይሰብራል ሲባል ነው ያደግኩት፣ ወተት ሰጠኋት። ወተት ምንም አይሰብርም፣ እንደውም አብዛኛው ትልቅ ድመት ወተት አይስማማውም፣ ያስቀምጠዋል። የማታ ሐኪም ውድ ነው ብዬ አሳደርኳት፣ ሲነጋ ደግሞ ስራ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን ሐኪሟ ደሟን አይታ "ኩላሊቷ እያቆመ ነው፣ ዘቢቡን ነው የምጠረጥረው፣ ያኔውኑ ብታመጪያት ኖሮ..." አለችኝ። የውሻ ኩላሊት እንደሚያቆም በደንብ የታወቀ ነው፣ ለድመትም የሚሰጋው ለዚህ ነው፣ ይሄን ያህል ፍሬ አይጎዳም የሚባል ልክ የለውም። በአራተኛው ቀን ሞተች። ልጄ "ነግሬያት ነበር" ብላ አለቀሰች፣ እሱንም በእንግሊዝኛ።

ጥፋቱ የእናቴ አይደለም፣ የልጄም አይደለም፣ የኔ ነው። "አማርኛውን ሲያድጉ ይለምዱታል" ስል ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እናንተም ይሄንኑ ነው የምትሉኝ! ለፒያኖ ትከፍላላችሁ፣ ለእግር ኳስ ስልጠና ቅዳሜን ሙሉ ትነዳላችሁ፣ ልጃችሁ ግን አያቱን "ተይ" ማለት አይችልም። አያት ትኬት ቆርጣችሁ ታስመጣላችሁ፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዲዳ ታስቀምጣላችሁ። ዛሬ ድመት ነው፣ ነገ የምድጃ ጋዝ ቢሆንስ፣ የአያትየው መድኃኒት ቢሆንስ፣ ማን ለማን በምን ቋንቋ ይነግራል?

5. ከበላች ምልክት አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ደውሉ። አሜሪካ ያላችሁ ኤኤስፒሲኤ የሚባለው የእንስሳት ተንከባካቢ ድርጅት የመርዝ ስልክ መስመር 24 ሰዓት ይሰራል፣ ሊያስከፍላችሁ ይችላል፣ ክፈሉ። ምን እንደበላች፣ ስንት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ጻፉት። በጨው ምናምን ለማስመለስ እንዳትሞክሩ። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለችም ውሰዷት፣ ድመት ሳትበላ ስትቆይ ጉበቷ ይጎዳል።

6. ፍሪጁ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ፣ ጸሐፊዋ ልጅቷ ትሁን፦ ወይን፣ ዘቢብ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ አቮካዶ፣ የኮክ የውስጥ ፍሬ። ዛሬ ማታ ለአያቷ ደውላ ታንብብላት፣ አያትየው "ምን አልሽ?" ካለቻት እናንተ አትመልሱላት፣ ልጅቷ ራሷ ደግማ ትበል።